ለነርቭ ብሎክ መድኃኒት አዘገጃጀት፦ ከሚዛኑ እስከ ሲሪንጁ

ይህ መመሪያ ብሎክ (ነርቭ ዙሪያ መድኃኒት ወግቶ አንድን የሰውነት ክፍል ማደንዘዝ) መስጠት ለሠለጠኑ የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ነው። ነርቩ እንዴት እንደሚፈለግ አያስተምርም፤ የሚያሳየው ሲሪንጁ ውስጥ ምን፣ ምን ያህልና በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባ ነው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዝ። አልይዝ ያለ ብሎክ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከነርቩ ርቆ ስለፈሰሰ ነው፤ ያንን አድሬናሊንም ዴክሳሜታዞንም አያድነውም። እንደነዚህ ያለ ማጠናከሪያ የያዘውን ያስረዝማል እንጂ የሳተውን አይመልስም።

መጀመሪያ ክብደት

አምፑል ከመሰበሩ በፊት የታካሚው ክብደት በኪሎ ይጻፍ። በአደጋ መጥቶ መቆም የማይችል ከሆነ አስታማሚውን ጠይቁ፤ ከዚያ ሁለት ባለሙያዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይገምቱና ትንሹን ቁጥር ውሰዱ። በጣም ወፍራም ሰው ላይ የሚሰላው በሚዛኑ ክብደት ሳይሆን ለቁመቱ በሚገባው ክብደት ነው፤ ከቁመቱ በሴንቲ ሜትር ላይ ለወንድ 100፣ ለሴት 105 መቀነስ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

የማደንዘዣ መድኃኒቶቹ ጣሪያዎች (የማይታለፉ ከፍተኛ መጠኖች) እነዚህ ናቸው። ሊዶኬይን ብቻውን 4.5 ሚ.ግ. በኪሎ፣ በጠቅላላው ከ300 ሚ.ግ. ሳያልፍ፤ ከአድሬናሊን ጋር 7 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ከ500 ሚ.ግ. ሳያልፍ። ቡፒቫኬይን 2 ሚ.ግ. በኪሎ፣ በጠቅላላው ከ150 ሚ.ግ. ሳያልፍ። የቡፒቫኬይን መለያ ጽሑፍ አድሬናሊን ሲታከልበት እስከ 225 ሚ.ግ. ሊፈቅድ ይችላል፤ በዚያ ተማምኖ ጣሪያውን ከፍ ማድረግን ግን አንመክርም። ቡፒቫኬይን ልብ ላይ ሲያርፍ በቀላሉ አይለቅም፤ 20 ወይም 30 ሚ.ግ. ጨምሮ የሚገኘው ጥቅም ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሮፒቫኬይን ካገኛችሁ 3 ሚ.ግ. በኪሎ ነው።

ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ልባቸው ወይም ጉበታቸው ለደከመ፣ ኩላሊታቸው ለተጎዳና በምግብ እጥረት ለከሱ ሰዎች ከዚህ ላይ ሩቡን፣ አንዳንዴም ሲሶውን ቀንሱ።

ፐርሰንቱን ወደ ሚሊግራም ለመቀየር በ10 ማባዛት ነው፦ 2% ማለት በአንድ ሲሲ 20 ሚ.ግ.፣ 0.5% ማለት በአንድ ሲሲ 5 ሚ.ግ.። 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ቡፒቫኬይን 110 ሚ.ግ. ነው፤ በ0.5% ሲሆን 22 ሲሲ። ይህ ቁጥር የዚያን ሰው የቀኑን ሙሉ በጀት ያሳያል። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ላይ የሚወጋው፣ ከብሎኩ በኋላ የሚሰጠው ስፓይናል (በጀርባ አከርካሪ ውስጥ የሚወጋ ማደንዘዣ)፣ ተረኛው ድንገተኛ ክፍል የሰጠው ሊዶኬይን ሁሉ ከእሱ ላይ ይቀነሳል። ድንገተኛ ክፍል ተሰጥቶ ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ሊዶኬይን የዚህ ሥራ ትልቁ ወጥመድ ነው፤ የስብራት ቦታ ላይ ተወግቶ እንደሆነ ታካሚውንም አስታማሚውንም ጠይቁ።

ከፋርማሲ የመጣውን ማየት

መድኃኒት ሲጠፋ አስታማሚው ማዘዣ ይዞ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉ ፋርማሲዎች እስከ ፒያሳ ይዞራል። ተጨንቆ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ስሙ የሚመሳሰለውን ይዞ ነው። ማዘዣው ላይ «ቡፒቫኬይን 0.5%» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ለስፓይናል የሚሆነው «ሄቪ» የሚባለው ቢመጣ የፋርማሲስቱ ጥፋት አይደለም። ሄቪው በ4 ሲሲ አምፑል ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ሲሲ 80 ሚ.ግ. ዴክስትሮስ አለበት፤ የተዘጋጀውም ለስፓይናል ነው። አምስት አምፑል ሰብሮ 20 ሲሲ ለብሎክ ማዘጋጀት ትክክል አይደለም። ስለዚህ ማዘዣው ላይ «ለነርቭ ብሎክ፣ ዴክስትሮስ የሌለው፣ 20 ሲሲ ቫያል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። የአስታማሚውን የታክሲ ገንዘብና የታካሚውን የሕመም ሰዓት ይቆጥባል።

ሊዶኬይን ላይ ሦስት ነገር አንብቡ፦ ፐርሰንቱን፣ አድሬናሊን ያለበት መሆኑን፣ ማቆያ ኬሚካል ያለበት መሆኑን። ለጥርስ ሕክምና የሚሠራው 1.8 ሲሲ ካርትሪጅ ብዙውን ጊዜ 1:80,000 አድሬናሊን (አንድ ግራም በ80,000 ሲሲ) አለበት፤ ለእኛ ሥራ ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚቀዳበት ትልቅ ቫያል በአብዛኛው ማቆያ ስላለበት ምርጫ ካላችሁ የአንድ ጊዜውን ውሰዱ። ትናንት ተከፍቶ በፕላስተር የታሸገ ቫያል ግን ምርጫ ውስጥም አይገባም።

የቱን መድኃኒት?

አጭር ቀዶ ሕክምና ሆኖ ታካሚው ዛሬውኑ እጁን እንዲያንቀሳቅስ ከተፈለገ ሊዶኬይን 1.5 ወይም 2% ከአድሬናሊን ጋር ይበቃል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ ለቀዶ ሕክምና ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያህል ያገለግላል። ለስብራት ቡፒቫኬይን ይሻላል፤ እስኪይዝ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሕመም ማስታገሱ ግን ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል።

ሁለቱን መደባለቅ የተለመደ ነው፤ ፈጥኖ እንዲይዝና እንዲቆይ ይታሰባል። የሚገኘው ግን ትንሽ ፍጥነትና በግልጽ ያጠረ ዕድሜ ነው፤ ጉዳታቸው ደግሞ ይደመራል። የግድ ከደባለቃችሁ በድርሻ አስሉ። 50 ኪሎ ለሆነ ሰው የቡፒቫኬይን ጣሪያ 100 ሚ.ግ. ነው። 75 ሚ.ግ. ከተጠቀማችሁ ሦስት አራተኛው አልቋል፤ ስለዚህ ከሊዶኬይን የሚፈቀደው የራሱ ጣሪያ ሩብ ብቻ ነው፦ ከ350 ሚ.ግ. ላይ 87 ሚ.ግ.፣ በ2% ሲሆን 4 ሲሲ ገደማ። «እያንዳንዱ ከጣሪያው በታች ነው» የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም።

መቀመም

ምሳሌ እንውሰድ። 55 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ፣ የክንድ አጥንት ስብራት፣ በብብት በኩል የሚሰጥ ብሎክ፣ ግባችን 20 ሲሲ በ0.375%።

1. እጅ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ ባዶ ሲሪንጆች ላይ መለያ ይለጠፍ። መለያ ከመድኃኒቱ ይቀድማል፤ ሦስቱም ፈሳሾች ውኃ ይመስላሉ።

2. በ10 ሲሲ ሲሪንጅ 9 ሲሲ ሰላይን (የጨው ውኃ) ቅዱ፤ 1 ሚ.ግ. በ1 ሲሲ የሆነውን አንድ አምፑል አድሬናሊን ጨምሩበት። አሁን በእያንዳንዱ ሲሲ 100 ማይክሮግራም አለ። ይህን ቁጥር ሲሪንጁ ላይ ጻፉ።

3. በ20 ሲሲ ሲሪንጅ 15 ሲሲ ቡፒቫኬይን 0.5% ቅዱ። ይህ 75 ሚ.ግ. ነው፤ ከ110 በታች።

4. 4 ሲሲ ሰላይን ጨምሩ።

5. ከተበረዘው አድሬናሊን 1 ሲሲ ጨምሩ። ድምሩ 20 ሲሲ፣ አድሬናሊኑ በሲሲ 5 ማይክሮግራም፣ ማለትም 1:200,000 ሆነ።

6. ጥቂት አየር አስገብታችሁ ሲሪንጁን እየገለበጣችሁ አዋሕዱ፣ አየሩን አስወጡ፣ በብርሃን እዩት። ከደፈረሰ ወይም ብናኝ ከታየ ይጣል።

7. ሁለተኛ ሰው አምፑሎቹን እያነበበ፣ ቀማሚው ቁጥሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር። ባዶዎቹ አምፑሎች ብሎኩ እስኪያልቅ አይጣሉ።

ሁለተኛውን ደረጃ ዘሎ ያልተበረዘ አድሬናሊን አንድ ሲሲ በቀጥታ ማስገባት መጠኑን በ10 እጥፍ ያበዛዋል። ልምድ ያለው ሰው «ያልተበረዘውን 0.1 ሲሲ እወስዳለሁ» ይል ይሆናል፤ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን በ5 ሲሲ ሲሪንጅ 0.1 ሲሲ በትክክል መለካት አይቻልም። አንድ ሲሲ የምትይዘዋ የኢንሱሊን ሲሪንጅም መሥመሯ ብዙ ጊዜ በዩኒት ስለሆነ ያምታታል። አድሬናሊኑ ወደ ሮዝ ወይም ቡናማ ካደላ አትጠቀሙበት፤ ብርሃን አበላሽቶታል።

ሌላ ምሳሌ፦ ዳሌያቸው የተሰበረ 42 ኪሎ የሚመዝኑ እናት። ጣሪያው 84 ሚ.ግ. ነው፤ ለዕድሜያቸው ሩቡን ቀንሰን 60 ሚ.ግ. እንያዝ። ከብሽሽት በታች በጡንቻ ሽፋን ሥር የሚሰጠው ብሎክ የሚሠራው በብዛቱ ስለሆነ ፐርሰንቱን ዝቅ አድርጉ፦ 12 ሲሲ ቡፒቫኬይን 0.5% ከ18 ሲሲ ሰላይን ጋር፣ 30 ሲሲ በ0.2%። ጡንቻ ላያዝል ይችላል፤ የሚፈለገው ግን ሕመሙ ታግሦ ለስፓይናል ጎን ብለው እንዲተኙ ነው።

ማጠናከሪያዎች

አድሬናሊን ከሁሉም የሚረዳው ሊዶኬይንን ነው። ቡፒቫኬይን ላይ ዕድሜ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ እዚያ ዋና ጥቅሙ መርፌው ደም ሥር ውስጥ መግባቱን ማሳበቁ ነው። 3 ሲሲ ውስጥ 15 ማይክሮግራም አለ፤ ደም ሥር ከገባ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በ10 ወይም ከዚያ በላይ ይዘላል። የደም ግፊት መድኃኒት ተብሎ ልብ ምት የሚያዘገይ የሚወስድ ሰው ላይ ይህ ምልክት ሊደበቅ ይችላል። የስኳር ሕመም ያቆሰለው እግር ላይና የደም ሥሩ የጠበበ ሰው ላይ አድሬናሊኑን ተዉት ወይም በግማሽ ቀንሱት፦ 0.5 ሲሲ በ20፣ ይኸውም 1:400,000።

ዴክሳሜታዞን ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው አለ፣ የቡፒቫኬይንን ማስታገስ በብዙ ሰዓት ያረዝማል። 4 ሚ.ግ. ነርቭ ዙሪያ መስጠት ቢለመድም መድኃኒቱ ለዚያ የተፈቀደ አይደለም፤ ብዙዎቹ አምፑሎችም ማቆያ አለባቸው። በደም ሥር 8 ሚ.ግ. ሲሰጥ ጥቅሙ ወደዚያው ይጠጋል፣ ማቅለሽለሽንም ይከላከላል። ስለዚህ ምርጫችን በደም ሥር ነው። ነቅቶ ላለ ሰው ግን በአንዴ አትግፉት፤ ብልት አካባቢ ኃይለኛ ማቃጠልና ማሳከክ ያመጣል፤ ታካሚው ደንግጦ ከአልጋ ሊነሣ ይችላል፣ ምን እንደሆነ ለመናገርም ያፍራል። 10 ሲሲ ሰላይን ውስጥ በርዛችሁ በ5 ደቂቃ ስጡ። ስኳሩ ከፍ ላለ ሰው መጠኑን ቀንሱ ወይም ተዉት፤ ኢንፌክሽን ካለም እንዲሁ አስቡበት። ከሮፒቫኬይን ጋር አንድ ሲሪንጅ ውስጥ አትጨምሩ፣ ይቋጥራል።

ክሎኒዲን ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮግራም በኪሎ ሁለት ሰዓት ገደማ ይጨምራል፤ ዴክስሜዴቶሚዲን 50 ማይክሮግራም ከዚያ የተሻለ ያስረዝማል። 200 ማይክሮግራም በ2 ሲሲ ከሆነው አምፑል 50 ማለት ግማሽ ሲሲ ነው። ሁለቱም ደም ግፊት ያወርዳሉ፣ ልብ ያዘገያሉ፣ ያስተኛሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከታተል ነርስ በሌለበት ክፍል አትጠቀሙባቸው።

ሶዲየም ባይካርቦኔት ሊዶኬይንን ያፈጥናል፣ በተለይ ከፋብሪካ አድሬናሊን ተጨምሮበት የመጣውን፤ ምክንያቱም ያ ይበልጥ አሲድ ነው። 8.4% የሆነውን 1 ሲሲ በ10 ሲሲ ሊዶኬይን። ቡፒቫኬይን ላይ ግን ይኸው መጠን ወዲያው ያደፈርሰዋል፤ እዚያ አለመጨመሩ ይሻላል።

ሚዳዞላም፣ ኬታሚንና ትራማዶል ነርቭ ዙሪያ አይሰጡም። ሚዳዞላም ነርቭ ይጎዳል ተብሎ ይፈራል፤ ሌሎቹ የሚሰጡት ጥቅም ሥጋቱን አያክልም። ፌንታኒል ስፓይናል ላይ ጥሩ ነው፣ እጅና እግር ነርቭ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አይጨምርም።

ሲሰጥ

ከመውጋት በፊት ደም ሥር ተከፍቶ፣ ልብ ምት፣ ደም ግፊትና ኦክስጅን የሚለካው ተገጥሞ፣ ጎኑ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ ከታካሚው አፍ ይሰማ። በየ3 እስከ 5 ሲሲው ወደ ኋላ ሳቡ፤ ደም አለመታየቱ ብቻውን ዋስትና ስላልሆነ አልትራሳውንድ ላይ ፈሳሹ ሲሰራጭ እዩ። የማይታይ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው፤ ምናልባት ደም ሥር ውስጥ። ሲሪንጁ ከጠነከረባችሁ ወይም ታካሚው ድንገት የሚወረወር ሕመም ከተሰማው አቁሙ፣ መርፌውን ጥቂት ሳቡ። በነርቭ አነቃቂ የምትሠሩ ከሆነ ከ0.2 ሚሊ አምፒር በታችም ጡንቻው ከዘለለ መርፌው ነርቩ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል አትስጡ።

እየሰጣችሁ አነጋግሯቸው። «አባባ፣ ጆሮዎ ላይ ይጮኻል? አፍዎ አካባቢ ይደነዝዛል? የብረት ጣዕም አለ?» መልሱ ብቻ ሳይሆን አነጋገሩም ይደመጥ፤ ምላስ ሲከብድ ወይም ወሬው ሲበዛ ምልክት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጤነኛ ሰው ላይ የደም ኦክስጅን 93 ወይም 94% ማየት ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ የኦክስጅኑ ቁጥር ከብሎኩ በፊት ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ተለክቶ ይጻፍ። ይህ ለአንገት ብሎክ ወሳኝ ነው። በአንገት በኩል 20 ሲሲ ሲሰጥ በዚያ ጎን ያለው ድያፍራም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይሰንፋል፤ ከ5 እስከ 10 ሲሲ ቢደረግ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሳንባው የታመመ ሰው እዚህ ከፍታ ላይ ትርፍ አቅም የለውም። ለክንድና ለእጅ በብብት በኩል መሄድ ይህን ችግር ከነጭራሹ ያስቀራል።

በቱርኒኬ ክንድን አሥሮ በደም ሥር የሚሰጠው ዘዴ ላይ ሊዶኬይን 0.5% ብቻ፣ 3 ሚ.ግ. በኪሎ፣ አድሬናሊን የሌለው። ቡፒቫኬይን እዚያ ክልክል ነው፤ ሰው ገድሏል። ቀዶው በ10 ደቂቃ ቢያልቅ እንኳ ቱርኒኬው ከ20 ደቂቃ በፊት አይፈታ።

ካልያዘስ?

በአልኮል የራሰ ጥጥ ቅዝቃዜውን እየፈተናችሁ በየ5 ደቂቃው ተከታተሉ። ቡፒቫኬይን ላይ 30 ደቂቃ ሳይሞላ «ከሽፏል» አትበሉ፤ ቀዶ ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ቢያይም። አንዱ ነርቭ ብቻ ከቀረ ከበጀቱ በተረፈው እሱን ለብቻው ከመጀመሪያው ቦታ ወደ እጅ ጫፍ ዝቅ ብሎ ወግታችሁ ያዙት። 55 ኪሎ ለሆነው ሰው የተረፈው 35 ሚ.ግ. ነው፣ 7 ሲሲ በ0.5%። በጀቱ ካለቀ ሙሉ ማደንዘዣ ስጡ፤ ብሎኩን ከመጀመሪያ መድገም ግን የለም።

መመረዝ ሲመጣ

ማደንዘዣው በብዛት ደም ውስጥ ሲገባ የሚመጣው መመረዝ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ሊዘገይም ይችላል፤ ስለዚህ ቢያንስ 30 ደቂቃ አጠገባቸው ቁሙ። መጀመሪያ ጆሮ መጮኽ፣ አፍ መደንዘዝና መቅበጥበጥ፣ ከዚያ ማንቀጥቀጥ፣ ከዚያ የልብ ምት መዛባት። ቡፒቫኬይን አንዳንዴ ይህን ሁሉ ዘሎ በቀጥታ ልብ ላይ ይወድቃል።

መስጠት ይቁም፣ እርዳታ ይጠራ፣ 100% ኦክስጅን ይሰጥ፣ አተነፋፈሱ ይያዝ። ለማንቀጥቀጥ ዳያዜፓም ከ5 እስከ 10 ሚ.ግ. ቀስ ብሎ ወይም ሚዳዞላም 2 ሚ.ግ.። ከዚያ 20% የሊፒድ ኢመልሽን (በደም ሥር የሚሰጥ የቅባት ፈሳሽ)፦ 1.5 ሲሲ በኪሎ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 0.25 ሲሲ በኪሎ በየደቂቃው። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው መጀመሪያ 90 ሲሲ ነው፤ በ50 ሲሲ ሲሪንጅ አንዴ ሙሉ፣ አንዴ 40። ቀጥሎ በደቂቃ 15 ሲሲ፤ ፓምፕ ከሌለ 20 ጠብታ አንድ ሲሲ በሆነበት መስመር ይህ 300 ጠብታ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ሙሉ መክፈት ነው። ካልተረጋጋ የመጀመሪያው መጠን ይደገም፣ ፍጥነቱም እጥፍ ይሁን፤ ጠቅላላው ከ12 ሲሲ በኪሎ አይለፍ። ከተረጋጋ በኋላም ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቀጥል።

ልብ ከቆመ ደረት መጫን አይቋረጥ፤ ረጅም ሊሆን ይችላል። አድሬናሊን ከ1 ማይክሮግራም በኪሎ ያልበለጠ፦ ለ60 ኪሎ በሲሲ 100 ማይክሮግራም ከሆነው ብርዝ 0.6 ሲሲ። የተለመደው 1 ሚ.ግ. እዚህ ይጎዳል። ለምት መዛባት ሊዶኬይን አይሰጥም። ፕሮፖፎል ነጭ ስለሆነ ብቻ የሊፒድ ምትክ አይሆንም።

ሊፒዱ ብዙ ቦታ የሚገኘው የጨቅላ ሕፃናት ወይም የፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። የት እንዳለ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ፣ ቀኑ አለማለፉን ጠዋት ሥራ ሲጀመር አረጋግጡ። አንድ ሊትር ያህል በእጅ ከሌለ ትልልቅ ብሎኮችን ከመጀመር በፊት አስቡበት።

ወደ ቤት ሲሄዱ

ጠዋት 4 ሰዓት የተሰጠ ቡፒቫኬይን ማታ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊለቅ ይችላል፤ ሕመሙም ፋርማሲ ከተዘጋ በኋላ በአንዴ ይመጣል። ስለዚህ ፓራሲታሞል 1 ግራም ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሕመም ሳይጀምር ይወሰድ፤ አይቡፕሮፌን የማይከለከልላቸውም ይጨምሩበት። ይህን ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚው ንገሩ፣ ሰዓቱንም በወረቀት ጻፉላቸው።

የደነዘዘ ክንድ በጨርቅ ታስሮ ይንጠልጠል። ከሰል ምድጃና ጀበና አጠገብ አይሁኑ፤ ሲቃጠሉ አይሰማቸውም። እግር የደነዘዘበት ሰው ያለ ደጋፊ ሚኒባስ አይሳፈር። ካርዱ ላይ መድኃኒቱ፣ ፐርሰንቱ፣ ሲሲው፣ ማጠናከሪያውና ሰዓቱ ይመዝገብ። በማግስቱ ስልክ ደውሉ፤ ከ48 ሰዓት በኋላም መደንዘዝ ወይም ድካም ከቀረ ወደ ነርቭ ሐኪም ይላኩ። ድካሙ እየባሰ ከሄደ ወይም ቦታው ካበጠ ግን 48 ሰዓት መጠበቅ የለም፣ በዚያው ቀን ይመለሱ።